ካኖኑን ልግዛ ወይስ የአባባን ዜኒት ልውሰድ?

«ጤና ይስጥልኝ፣ ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። የጅማ ልጅ ነኝ፣ የምኖረው ፈረንጅ አራዳ ነው፣ ሥራዬ ማስተማር ነው። እስካሁን በስልኬ ነበር ፎቶ የማነሳው፤ አሁን ግን በፊልም ካሜራ መጀመር አምሮኛል። በስልክ የትየለሌ አነሳለሁ፣ ተመልሼ የማየው ግን የለም። አያቴ ቡና ስታፈላ፣ የሐሙስ ገበያ፣ የጂሬን ዳገት፣ እንዲህ ያለውን በፊልም ማስቀረት እፈልጋለሁ። ሦስት ነገር ቀርቦልኛል። አዲስ አበባ ያለ ሰው በቴሌግራም ካኖን ኤኢ-1 እየሸጠ ነው፤ ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜን ጠራርጎ ይወስዳል፣ ‹ቀብድ ላኪ› ብሎኛል። ጎረቤታችን ያሉ አባባ ደግሞ በደርግ ጊዜ የገዙት ዜኒት የሚባል የሩሲያ ካሜራ ቁም ሣጥን ውስጥ አላቸው፤ ‹ውሰጂው ልጄ፣ ለእኔ ምን ይሠራልኛል› ይሉኛል፣ ይሥራ አይሥራ ግን ማንም አያውቅም። የአክስቴ ልጅም ለመስቀል ከአሜሪካ ትመጣለች፣ ‹ምን ላምጣልሽ?› ብላኛለች። ጓደኞቼ ሁሉ ካኖኑን ነው የሚሉኝ። የትኛውን ልያዝ? ግራ የገባት፣ ከጅማ።»

ግራ የገባሽ እህቴ፣ ካኖኑን ተዪው። ዜኒቱን ከአባባ ተዋሺ። የአክስትሽን ልጅ ካሜራ ሳይሆን ፊልም አስመጪያት። መልሴ ይኼው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምን እንደሆነና ዜኒቱን እንዴት እንደምትፈትሺው ነው፤ እሱን ሳታነቢ ግን ቁም ሣጥኑን እንዳታስከፍቺ።

መጀመሪያ ስለ ብር እናውራ። የፊልም ካሜራ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያሰላው የካሜራውን ዋጋ ነው። ካሜራ አንዴ ይገዛል፣ አለቀ። ኪስ የሚያራቁተው ፊልሙ ነው። አንድ ጥቅል ቢበዛ 36 ፎቶ ይሰጥሻል፤ እንደ ኮዳክ ጎልድ 200 ያለው ባለ ቀለም ፊልም አሜሪካ ውስጥ አንዱ 10 ዶላር ገደማ ነው፣ አንዳንዴም ያልፋል። በዚያ ላይ ማሳጠቢያ አለ፣ በዚያ ላይ ስካን ወይም ማሳተሚያ አለ። የሁለት ወር ደመወዝሽን ለካኖኑ ከሰጠሽ በኋላ ፊልሙን በምን ልትገዢ ነው? ብፌ ላይ አስቀምጠሽ እንግዳ ሲመጣ ልታሳዪው ካልሆነ በቀር ምን ይሠራልሻል?

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ጓደኞችሽ ያልነገሩሽ ነው። የትኛውንም ካሜራ ከመያዝሽ በፊት ከተማው ውስጥ ያሉትን የቆዩ ፎቶ ቤቶች ዙሪና «ፊልም ታጥባላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ጉርድ ፎቶ በዲጂታል የሚያወጣው ልጅ ግራ ቢጋባ አትፍረጂበት፤ ባለቤቱን ወይም አባቱን አስጠሪ። እሺ የሚል ከተገኘ ባለ ቀለም ነው ወይስ ጥቁርና ነጭ፣ ኔጋቲቩንስ (የታጠበውን ፊልም ራሱን) ይመልሱልሻል ወይ፣ ይህንንም ጠይቂ። ኔጋቲቩን የማይመልስ ቤት ይቅርብሽ። ሁሉም የለም ካሉሽ፣ ፊልምሽን ወይ አዲስ አበባ ጠይቀሽ ትልኪያለሽ፣ ወይ የአክስትሽ ልጅ ስትመለስ ይዛልሽ ትሄዳለች፣ ወይ ራስሽ ታጥቢያለሽ። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

አሁን ካኖኑ። መጥፎ ካሜራ ሆኖ አይደለም የከለከልኩሽ። ኤኢ-1 በ1976 ሲወጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ውስጡ ማይክሮፕሮሰሰር (ትንሽ ኮምፒውተር በይው) የገባለት የመጀመሪያው ባለ መስተዋት (ኤስኤልአር) ካሜራ ነበር፤ ያኔ ጉድ ተብሎለታል። መዘዙም የመጣው ከዚያው ነው። ሁለ ነገሩ በባትሪ ነው። ባትሪው ካለቀ አንድም ፎቶ አያነሳም። ባትሪው ደግሞ 6 ቮልት የሆነች፣ 4ኤልአር44 የምትባል ትንሽ ዕቃ ናት፤ እንደ ሬሞት ባትሪ ከሰፈር ሱቅ ብድግ የምታደርጊያት አይደለችም። ኤሌክትሮኒክሱ ከተቃጠለም መለዋወጫ የሚገኘው ከሌላ የሞተ ካሜራ ላይ ተነቅሎ ነው። አንድ የታወቀ ሕመምም አለው። ስትጫኚው ከውስጥ «ሲጥ» ይላል። መስተዋቱን የሚያነሳው ማርሽ ዘይቱ ደርቋል ማለት ነው፣ መከፈትና መቀባት አለበት። ፎቶውን ብቻ በቴሌግራም አይተሽ ይህን በምን ታውቂያለሽ?

ዜኒቱ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። አብዛኛው ዜኒት ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ በሚባል ከተማ ነው የተሠራው። በደርግ ጊዜ የተገዛ ከሆነ ዜኒት-ኢ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ እሱ ከ1965 ጀምሮ በሚሊዮን የተመረተ ዕቃ ነው። ስሙ ላይ ቲቲኤል ወይም 12 የሚል ካየሽ ትንሽ ዘግየት ብሎ የመጣ ነው፤ የእሱ ላይት ሜትር (ብርሃን መለኪያ) ባትሪ ይፈልጋል፣ ሻተሩ (ተከፍቶ ፊልሙ ላይ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ግን አይፈልግም። እውነቱን ለመናገር ዜኒት ውብ ካሜራ አይደለም። ይከብዳል። ሲነሳበት «ጧ!» ይላል፣ ተደብቆ ፎቶ ማንሳት የሚባል ነገር የለም። ማያው ጨለም ያለ ነው። ግን ብረትና ማርሽ ነው፣ ብረትና ማርሽ ደግሞ ቢያንስ ምኑ እንደተበላሸ ያሳይሻል።

እንግዲህ አባባ ጋ ሂጂና እሳቸው ፊት ቁጭ ብለሽ ፈትሺው። ከሁሉ በፊት ውስጡ ፊልም መኖር አለመኖሩን አጣሪ። ከላይ በግራ በኩል ያለችውን የፊልም መጠቅለያ ቁልፍ ቀስ ብለሽ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ አዙሪያት፤ የሚይዝሽ ነገር ካለ ፊልም አለ ማለት ነውና ጀርባውን አትክፈቺ። ማን ያውቃል፣ የአባባ የሠርግ ፎቶ ይሆናል! አጠቅልለሽ አውጪላቸው። ከሌለ ጎኑን ከፍተሽ ጀርባውን ግለጪው፣ ሌንሱን ኤፍ 2 ላይ አድርጊ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ፍጥነቱን 30 ላይ (የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ማለት ነው)፣ የፊልም ማሳለፊያውን ሳቢና ካሜራውን ወደ መስኮት ይዘሽ ከጀርባ እያየሽ ተጫኚ። ብርሃኑ ሙሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ብልጭ ማለት አለበት። ከዚያ 60፣ 125፣ 250፣ 500 እያልሽ ሂጂ። 500 ላይ አንዱ ጎን ቢጨልም አትደንግጪ፤ ለቁጥር ያህል ይቀመጥ፣ በሌሎቹ ትሠሪያለሽ። 30 እና 60 ላይ ግን መጋረጃው መሃል መንገድ ላይ ከቆመ፣ ያ ካሜራ ታሟል።

በነገራችን ላይ በሩሲያ ካሜራ መጀመሪያ ፊልሙን አሳልፊ፣ ከዚያ ነው ፍጥነቱን የምትቀይሪው። ዞርኪና ፌድ በሚባሉት የሩሲያ ካሜራዎች ላይ ይህን ማፋለስ ማርሹን ሊሰብር ይችላል። ለዜኒቱም ልማድ አድርጊው፣ አይጎዳሽም።

መጋረጃው ጨርቅ ነው፣ ላስቲክ የተቀባ። ሲያረጅ ይበሳል። ማታ መብራት አጥፊ (መብራት ከሄደ ደግሞ ግልግል ነው)፣ ሌንሱን አዙረሽ አውልቂ፣ መስተዋቱን ፊቱን ሳትነኪ በጠርዙ ከፍ አድርጊና ከጀርባ በኩል በስልክሽ መብራት አብሪ። በፊት በኩል ነጥብ ነጥብ ብርሃን ከታየሽ ተበስቷል። እያንዳንዷ ነጥብ ፎቶሽ ላይ ጠባሳ ናት።

ዋናው ምርመራ ግን ሌንሱ ነው። ጅማ ውስጥ ሌንስ የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን እርጥበት ነው። ክረምቱን ታውቂዋለሽ፣ ጫማ እንኳ አልጋ ሥር ይሻግታል። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ያውም በቆዳ ቦርሳው እንደታሸገ ዓመታት የከረመ ሌንስማ እንዴት አይሻግት? የስልክሽን መብራት በአንዱ በኩል አድርገሽ በሌላው በኩል ሰያፍ እያደረግሽ እይው። አቧራ ካየሽ እርሺው። የሸረሪት ድር የመሰለ፣ ቅርንጫፍ እያወጣ የሄደ ቀጭን ነጭ ክር ካየሽ ግን ሻጋታ ነው። ጠርዝ ላይ ትንሽ ከሆነ ፎቶው ላይ አይታይሽም፣ ጀምሪበት። መሃሉን ከሸፈነው ፎቶሽ ሁሉ ጭጋግ ይሆናል፣ በተለይ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን። ሌንሱ ብቻ ከሆነ የተበላሸው ካሜራውን አትጣዪው። የዜኒት ሌንስ ኤም42 በሚባል ጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባ ስለሆነ የድሮዎቹ የምሥራቅ ጀርመን ፕራክቲካዎችና የድሮዎቹ ፔንታክሶች ሌንስ ይገጥምለታል፣ ርካሽም ናቸው።

ከፈተሽሽ በኋላ የቆዳ ቦርሳውን ለአባባ ለመታሰቢያ መልሺላቸው። እርጥበት ይዞ የሚቆይ እሱ ነው። ካሜራውን ጥብቅ ክዳን ያለው የላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጊው፣ ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የምትገኘዋን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ሰብስበሽ አብረሽ ክተቺ። ፀሐይ በወጣ ቁጥር አውጥተሽ ተጠቀሚበት። ሻጋታ የሚወደው ጨለማና ጸጥታ ነው።

አሁን አነሳሱ። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ከሆነ፣ 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ነው፣ ከኋላው የሚቀረውን ቅጠላ ቅጠል እያሽከረከረ የሚያደበዝዝ፣ ለፊት ፎቶ የሚወደድ ሌንስ። ዛሬ ፈረንጆቹ ለዲጂታል ካሜራቸው ፈልገው የሚገዙት እሱን ነው። ጣጣው ሁለት ቀለበት መሆኑ ነው። አንዱን የምትፈልጊው ቁጥር ላይ ታደርጊዋለሽ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ከፍተሽ ታያለሽ፣ ታስተካክያለሽ፣ ከመጫንሽ በፊት መልሰሽ ታጠቢዋለሽ። ማጥበቡን የረሳሽ ቀን ፎቶው ነጭ በነጭ ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች አፍሽን ከፍተሽ «አየሁ፣ አጠበብኩ፣ አነሳሁ» እያልሽ ብትሠሪ ማንም አይስቅብሽም። ቢስቅም ይሳቅ።

የዜኒት-ኢ ላይት ሜትር ከፊት ያለችው ነጠብጣብ መስኮት ናት፣ በሴሌኒየም ነው የምትሠራው፣ ባትሪ የለውም። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ ብዙ ጊዜ ይደክማል፤ መርፌዋ ብትንቀሳቀስም አትመኛት። ስልክሽ ላይ ነፃ የላይት ሜትር አፕ አውርጂ፣ ይበቃሻል። ያለ አፕም ይሠራል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ሌንሱን ኤፍ 16 አድርጊ፣ ፍጥነቱን ለፊልሙ ቁጥር የቀረበውን (ቁጥሩ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት ነው፣ ሲበዛ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል)፤ ፊልምሽ 200 ከሆነ 250 ማለት ነው። ደመና ሲሆን ኤፍ 8፣ ክረምት ያጠቆረው ሰማይ ሲሆን ኤፍ 5.6። ከተጠራጠርሽ ብርሃን ጨምሪ። የኔጋቲቭ ፊልም ትርፍ ብርሃንን ይችላል፣ እጥረትን ግን አይምርም።

ከዚህ የፊልም ምርጫው ይመጣል። ዜኒት ከ500 በላይ ፍጥነት የለውም። 400 ፊልም ከትተሽ እኩለ ቀን ላይ ሂርማታ ገበያ ብትገቢ ኤፍ 16 እና 500 ላይ ደርሰሽ መሄጃ ታጫለሽ፣ ከኋላ የሚደበዝዝ ነገር አይኖርም። ለገበያውና ለአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰገነት 200 ወይም 100። ለአያትሽ ቡና 400፤ በሩ ተከፍቶ፣ ረከቦቱ ወደ ብርሃኑ ቀርቦ፣ ኤፍ 2 በ30፣ ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ አስደግፈሽ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ማንሳት እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ገበያ ውስጥ ደግሞ ሰውን አስፈቅደሽ አንሺ፣ ከዜኒት ድምፅ ጋር ሌላ አማራጭም የለሽም።

ለአክስትሽ ልጅ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት፦ ሦስት ጥቅል ባለ ቀለም 200፣ ሁለት ጥቅል ጥቁርና ነጭ 400፣ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ወይም ኬንትሚር፣ ያገኘችውን። ሻንጣ ውስጥ አታድርገው። ወደ አውሮፕላን ሆድ የሚገባ ሻንጣ የሚፈተሽበት ራጅ ኃይለኛ ስለሆነ ፊልም ያበላሻል። በእጅ ቦርሳዋ ትያዝ፣ ፍተሻ ላይ አውጥታ በእጅ እንዲያዩላት ትጠይቅ፤ አንዳንድ ኤርፖርቶች ለእጅ ቦርሳም አዲሱን ኃይለኛ ራጅ፣ የሲቲ ማሽን የሚባለውን፣ ስላስገቡ ይህን ነገር አደራ በያት።

እዚያ ያሉ ሱቆች ኮዳክ ኤክታር ኤች35 የሚባል አዲስ የላስቲክ ካሜራ ሊያሳዩዋት ይችላሉ። በ2022 የወጣ ነው፣ አንዱን ፎቶ ለሁለት ስለሚከፍለው ከ36 ጥቅል 72 ያወጣል። ለፊልም ቁጠባ ጥሩ ነው፣ ግን ሌንሱ ኤፍ 9.5 ነው፣ ፍጥነቱም አንድ ብቻ ነው። የአያትሽን ቡና ያለ ፍላሽ አያነሳልሽም፤ ያ ፍላሽ ደግሞ የቤቱን ብርሃን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ለጓደኞች ጨዋታ ይሁን። ዜኒቱ ፈተናውን ከወደቀ ብቻ ፔንታክስ ኬ1000 ፈልጊልኝ በያት፤ ከ1976 እስከ 1997 የተመረተ፣ ሜካኒካል፣ ባትሪው ለላይት ሜትሩ ብቻ ነው። ከግለሰብ ሳይሆን ፈትሾ ከሚሸጥ ያገለገለ ካሜራ ሱቅ ትግዛው።

ስለ ማጠብ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ባለ ቀለሙ ሲ-41 በሚባል ኬሚካል ወደ 38 ዲግሪ ላይ ነው የሚታጠበው፣ ሙቀቱ ትንሽ ከተዛነፈ ቀለሙ ይዛነፋል፣ ለጀማሪ አድካሚ ነው። ጥቁርና ነጩ 20 ዲግሪ ላይ ነው፤ በጅማ አየር ውሃውን እዚያ ለማድረስ ብዙ አትታገይም። ደግሞ የጅማ ልጅ ሆነሽ ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልችልም፦ ጥቁርና ነጭ ፊልም በቡና ይታጠባል! ቀልዴን አይደለም። ካፌኖል ይባላል፣ በ1995 አሜሪካ ሮቼስተር ውስጥ አንድ የፎቶ ኬሚስትሪ ክፍል ከተማሪዎቹ ጋር የሞከረው ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም ሶዲየም ካርቦኔት፣ 16 ግራም የቫይታሚን ሲ ዱቄት፣ 40 ግራም ፈጣን ቡና፣ 20 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ። ቤኪንግ ሶዳ አይሆንም፣ ምድጃ ላይ በደንብ ካልጋለ በቀር። የሚሠራው ካፌይኑ ሳይሆን የቡናው አሲድ ነው፤ ስለዚህ ርካሹ የቆርቆሮ ቡና ይበቃል፣ የአያትሽን ቡና እንዳትነኪ። ሽታውም ቡና ቡና እንዳይመስልሽ፣ ይገማል፣ በረንዳ ላይ ሥሪው። ከዚያ በኋላ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ግን በኩሽና ነገር እንዲህ በቀላሉ አይተካም፣ እሱንና ፊልም የሚታጠብበትን ታንክ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ማስመጣት አለብሽ። ይህን ሁሉ ለመጀመሪያው ጥቅል አትሞክሪ። መጀመሪያ ካሜራው መሥራቱን እወቂ።

ለዚሁ ሲባል የመጀመሪያው ፊልም አዲስ ይሁን። ጊዜው ያለፈበት ፊልም በርካሽ የሚሰጥሽ አይጠፋም፤ ፎቶው ሲበላሽ ግን ጥፋቱ የፊልሙ ይሁን የካሜራው አታውቂም። ፊልሙን ስትከቺ፣ ጀርባውን ዘግተሽ ስታሳልፊ የግራዋን መጠቅለያ እያት። አብራ ከዞረች ፊልሙ ይዟል። ካልዞረች ባዶ ነው የምታነሺው፣ 36ቱንም። ቁጥር ቆጣሪዋን በእጅሽ ወደ መጀመሪያው መልሻት፣ ራሷ አትመለስም። ማስታወሻ ደብተር ያዢና የእያንዳንዱን ፎቶ ቁጥር፣ ፍጥነትና ኤፍ ጻፊ፤ አስተማሪ ነሽ፣ ማርክ መመዝገብ አይከብድሽም። ሲያልቅ ደግሞ አጠቅልለሽ ሳትጨርሺ ጀርባውን ከከፈትሽው ፊልሙ ተቃጠለ።

አባባ «ውሰጂው» ቢሉሽም ለአንድ ጥቅል ብቻ ተውሼ ልሞክረው በያቸው። ቢበላሽ ሳትተፋፈሩ ይመለሳል። ከሠራ ደግሞ የመጀመሪያውን ፎቶ እሳቸውን አንሺና አሳትመሽ ውሰጂላቸው፣ ያኔ ስጦታቸውን በደስታ ተቀበዪ። ብር አውጥተሽ «እንካ» እንዳትያቸው፣ ያዝኑብሻል። አንድ ኪሎ ቡና ይዘሽ ብትሄጂ ግን እምቢ አይሉም።

ለቴሌግራሙ ሰውዬ ቀብድ የሚባል ነገር አትላኪ። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ይቅርታ» በይው። «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬ ካልላክሽ ያመልጥሻል» ካለሽ፣ ለዚያው ገዢ ይስጠው።